የት ላይ እንደተቆረጠ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ምሕንድስና፣ ጂኦሎጂ፣ ሕክምና ወይም ታሪክ ለምታጠኑ ነው። ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ መንገድ፣ ድልድይና ሕንፃ ላይ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት መሐንዲሶች ግን ሥራቸውን ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ላፕቶፓቸውን ከፍተው ሕንፃውን እያሽከረከሩ ያሳዩኛል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ዛፉ ጥላ ይጥላል፣ ሰው በደጁ ያልፋል። በእውነት ያምራል። አይቼ ስጨርስ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሴክሽኑ የታለ?»

ፈልገው ያወጡታል። ኮምፒውተሩ የቆረጠው ነው። «ለምን እዚህ ላይ ተቆረጠ?» ስል ግን መልስ የሚሰጠኝ ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ ያሳስበኛል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ሴክሽን ማለት አንድን ነገር በሐሳብ ቆርጣችሁ፣ ከፊት ያለውን ክፍል አንስታችሁ፣ የተቆረጠውን ፊት የምትስሉበት ሥዕል ነው። የቤት ፕላን የምንለውም ራሱ ሴክሽን ነው። ቤቱን ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በአግድም ይቆርጠዋል። በሩና መስኮቱ ክፍት ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

ጥቅሙን በባልኮኒ ላሳያችሁ። ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ ባልኮኒ ላይ ሰው ሲቆም ጫፉ ወደ ታች መውረድ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የላይኛው ፊቱ ይወጠራል። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጠንካራ ነው፣ ሲወጠር ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋናው ፌሮ ከላይ መሆን አለበት። በሁለት ወገን ግድግዳ ላይ ያረፈ ሶለታ ግን መሃሉ ላይ የሚወጠረው ከታች ነው፤ ፌሮውም ወደ ታች ይሄዳል። አሁን ከመንገድ ላይ ሆናችሁ ሁለት ባልኮኒዎችን እዩ። አንዱ በትክክል የታሰረ፣ አንዱ ኮንክሪት ሲሞላ ፌሮው በሠራተኛ እግር ተረግጦ ወደ ታች የወረደ ይሁን። ልዩነታቸው አይታይም። ቀለማቸውም አንድ ነው። ተረግጦ የወረደ ፌሮ በዓይኔ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ፎርማኑ የሴክሽኑን ወረቀት ይዞ ከሻጋታው እስከ ፌሮው ያለውን ከፍታ በሜትር እየለካ ሲዞር ካያችሁ፣ እዚያ ሳይት ላይ ሥራ ለመማር ለምኑ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የት ላይ፣ ለምን ተቆረጠ?» ይሁን። የመቁረጫውን መስመር የሚመርጠው ሰው ነው። ምርጫው ደግሞ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚደበቅ ይወስናል።

ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተመልከቱ። ፕላኑ ክብ ነው። ከውጭ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሃል ላይ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ። ይህን ያህል ሰፊ ክብ ጣሪያ በምን እንደቆመ ግን ፕላኑ አይነግራችሁም። መሃል ለመሃል ስትቆርጡት የመቅደሱ ግንብ ከፍ ብሎ የጣሪያውን መሃል ሲደግፍ፣ ጣሪያውም ከዚያ ተነስቶ በዙሪያው ወዳለው ግድግዳ ሲወርድ ታያላችሁ። ወደ ዳር ወጥታችሁ ቅኔ ማኅሌቱን ብቻ ብትቆርጡ ይህ ሁሉ ይጠፋል። የሳላችሁት ሐሰት አይደለም። ግን የሕንፃውን ምስጢር አይናገርም።

እዚህ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። መቅደስ ውስጥ ካህናትና ዲያቆናት እንጂ እናንተ አትገቡም። ስለዚህ የውስጡን አትሳሉ፤ ባዶ ተዉት። ካህናቱ ስለ ግንቡ ውፍረት የነገሯችሁ ነገር ካለ ከጎኑ «በቃል የተነገረ» ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ቦታ ያለበት ሥዕል አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መሳል ነው።

ደንገልም ያው ነው። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ግንዱን ወደ ጎን ቁረጡት። ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ፣ አየር የሞላበት ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው በዚህ አየር ነው። ያንኑ ደንገል በቁመቱ ብትሰነጥቁት ረጃጅም ጭረቶች ብቻ ታያላችሁ፤ ሦስት ማዕዘኑ ያመልጣችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስቸገረውን የእምቦጭ ያበጠ የቅጠል ዘንግም ቁረጡት፣ እሱም በአየር የተሞላ ስፖንጅ ነው። አንዱ ሰው ያሻግራል፣ አንዱ የዓሣ አጥማጁን መንገድ ይዘጋል። የሚንሳፈፉበት ምክንያት ግን አንድ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ያሳተመውን የቡሽ ሥዕል ብታዩ ቡሹን በሁለት አቅጣጫ ቆርጦ ጎን ለጎን ነው ያስቀመጠው። አንድ ቁራጭ እንደማይበቃ ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ስኬሉ ይሁን፤ ማለትም ሥዕሉ ከእውነተኛው ነገር ስንት ጊዜ እንዳነሰ። ጣናን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንቁረጠው። ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ 14 ሜትር አካባቢ ነው። 66 ኪሎ ሜትሩን 66 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ብታሰፍሩት፣ 14 ሜትሩ ስንት ይሆናል? 0.14 ሚሊ ሜትር። የምትጽፉበት ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ አንድ ጊዜ ሲሰመር ከሐይቁ ጥልቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ይወፍራል። ሐይቁ መስመሩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ታዲያ መጽሐፍ ላይ ሐይቅ ሁሉ ጎድጓዳ ሆኖ የሚሳለው እንዴት ነው? የቁመቱን ስኬል ለብቻው ያሳድጉታል። አግድሙን በ1 ለ100,000፣ ቁመቱን በ1 ለ200 ካደረጋችሁት ጥልቀቱ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥሩ ይታያል። ግን ቁመቱ 500 ጊዜ ተጋንኗል። የሐይቁ ዳርቻ ገደል ይመስላል። ይህን ሥዕል ይዞ ስለ ጣና የሚወስን ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው። በእውነቱ ዳርቻው ብዙ ቦታ ሜዳ ነው። በ1,000 ሜትር አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ዳርቻ ካለ፣ ውሃው አንድ ሜትር ሲቀንስ ሐይቁ አንድ ኪሎ ሜትር ይሸሻል። ውሃው ሲሸሽ ተከትለው የሚያርሱ ገበሬዎች ይህን ያለ ወረቀት ያውቁታል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጫራጫራ እ.ኤ.አ. በ1996 የውሃ መቆጣጠሪያው ከተሠራ፣ በ2001 ደግሞ ተጨማሪ በሮች ከተገጠሙ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም የሚወሰን ሆኗል። ስለዚህ የዳርቻው ትክክለኛ ሴክሽን የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰው እንጀራ አለበት። ቁመት ስታጋንኑ ስንት ጊዜ እንዳጋነናችሁ ሥዕሉ ላይ በጉልህ ጻፉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የትኛው መስመር የታየ፣ የትኛው የተገመተ ነው? መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የሙከራ ጉድጓድ እናስቆፍራለን። አንዱ ጥግ ላይ ሁለት ሜትር ጥቁር ዋልካ፣ ከሥሩ ድንጋይ። ሌላው ጥግ ላይ አራት ሜትር ዋልካ። በሁለቱ መሃል ያለውን ማንም አላየም። ሴክሽን ስንስል ግን እናገናኘዋለን። በጉድጓዶቹ ላይ ድፍን መስመር፣ በመሃላቸው የተቆራረጠ መስመር መሆን አለበት። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የተቆራረጠው መስመር በኮፒ ላይ ድፍን ሆኖ ከተላለፈ ኮንትራክተሩ የታወቀ ነገር ነው ብሎ ይሠራል። ግድግዳው በሁለት ክረምት ይናገራል።

የጣናን ወለል ያጠኑ ሳይንቲስቶች ይህን በደንብ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ከወለሉ በታች ያለውን ደለል በድምፅ ሞገድ አይተው ረጅም ሴክሽን አወጡ። ሞገዱ ጠንካራ ንጣፎች እንዳሉ ያሳያል እንጂ ምን እንደሆኑ አይናገርም። ስለዚህ ቱቦ ሰደው ደለሉን አወጡ። በጥልቁ የሐይቁ ክፍል ከታች የተገኘው የረግረግ ተክል ብስባሽ ነበር። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የጣና መሃል የደንገል ረግረግ ነበር ይላሉ። ከዚያ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ዛሬ ጀልባ በሚሄድበት ቦታ ደንገል በቅሎ እንደነበር የምናውቀው ደለሉ ተቆርጦ ስለታየ ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ስለ ወንዝ ልኬት በአጭሩ። የዓባይን ፍሰት ለማወቅ ወንዙን በሐሳብ ከዳር እስከ ዳር ትቆርጡታላችሁ። ቁራጩን በቁም ትከፋፍሉታላችሁ። በየክፍሉ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ትለካላችሁ። ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ ከውሃው ፊት ወደ ታች በ0.6 ላይ፣ ጥልቅ ከሆነ በ0.2 እና በ0.8 ላይ። የየክፍሉን ወርድ በጥልቀቱና በፍጥነቱ ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ። አዲሱን የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይም በዚሁ ዓይን እዩት። ሰው የሚያወራው ስለ 380 ሜትር ርዝመቱ ነው። 43 ሜትር ወርዱ ለመኪና፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚነግራችሁ ግን ሴክሽኑ ነው።

ታሪክ ለምታጠኑ አንድ ሥዕል ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1788 በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ የባሪያ ንግድ እንዲቀር የሚታገሉ ሰዎች ብሩክስ የምትባል የሊቨርፑል መርከብ ሥዕል አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት የለንደን ጓደኞቻቸው ሴክሽን ጨምረው በሺዎች አባዙት። መርከብ ወደብ ላይ ስትቆም የሚታየው ሸራዋና ምሰሶዋ ነው። እነሱ ግን ቆርጠው ከፈቷት። ሰዎች በየወለሉ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ በሁለቱ ወለሎች መሃል ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ እንኳ ቦታ አጥተው ይታያሉ። የ1788ቱ ሕግ መርከቧ 454 ሰው እንድትጭን ይፈቅድ ነበር። ከሕጉ በፊት ከ600 በላይ ጭናለች። ሥዕሉ ስድብ የለበትም፣ ልኬት ብቻ ነው። ያየው ሰው ግን እንደ ቀድሞው መሆን አልቻለም። የእንግሊዝ ፓርላማ ንግዱን በ1807 ከለከለ። ብዙ ሰውና ብዙ ምክንያት ነበረበት፣ ይህ ወረቀት ግን ከነሱ አንዱ ነው።

ይህንንም ሥዕል ቢሆን ጠይቁት። የተሳሉት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ስም የላቸውም፣ ፊት የላቸውም። ማን እንደነበሩ ለማወቅ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። በዚያው በ1789 በባርነት ያለፈው ኦላውዳ ኢክዊያኖ ሕይወቱን በራሱ ብዕር አሳትሟል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ አለበት። ሥዕሉ ስንት ሰው በስንት ቦታ እንደታጨቀ ይናገራል። የሰውየው ቃል የታጨቀው ማን እንደሆነ ይናገራል።

የሕክምና ተማሪዎች ሴክሽንን ከማንም በላይ በየቀኑ ታያላችሁ። ሲቲ ስካን ሰውን ሳይነካ ይቆርጣል። የመጀመሪያው በሽተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። መሣሪያውን የሠራው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድና ሒሳቡን ቀድሞ የሠራው ደቡብ አፍሪካ ተወላጁ አለን ኮርማክ በ1979 ኖቤል ተሸለሙ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። በሁለት ቁራጮች መሃል ያለ ትንሽ እጢ ሊያመልጥ ይችላል። በሽተኛው «ያመኛል» እያለ ፊልሙ «ደኅና ነው» ካለ፣ ቁራጮቹ በስንት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንደተወሰዱ ጠይቁ።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ኮምፒውተር አትክፈቱ። ሚሊ ሜትር ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ጉና ተራራ ላይ ተነሱና መስመር ወደ ምዕራብ ሳቡ። መስመሩ የጉማራን ተፋሰስ ይዞ ይወርዳል፣ የጣናን ደቡብ ክፍል ያቋርጣል፣ ዘጌ ላይ የቡናው ጫካ ውስጥ ይገባል። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ። ከፍታውን ከካርታ ውሰዱ። ጀርመናዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ቺምቦራሶ ተራራን ቆርጦ ሲስል በየከፍታው የሚበቅለውን ተክል ጽፎበታል። እናንተም በየከፍታው የሚዘራውን ጻፉበት። የማታውቁትን ገበሬውን ጠይቁ፤ ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ያውቃል። የምታውቁትን አለትና አፈር በድፍን፣ የገመታችሁትን በተቆራረጠ መስመር ሳሉ። ከሥር ቀኑን፣ ሁለቱን ስኬሎች፣ መስመሩን ለምን እዚያ ላይ እንደሳባችሁ ጻፉበት። ከጓደኞቻችሁ ጋር ከሠራችሁት እያንዳንዳችሁ መስመሩን ትንሽ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አንቀሳቅሱና ሥዕሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቤቴ ለምትመጡ በሬ ክፍት ነው፣ ወረቀቱን ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ።