የወዳጃችሁን ግጥም ስታዩ

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ አማርኛ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬም ግጥም የያዘ ሰው ይፈልገኛል፤ በተለይ እኩዮቼ። የሚያመጡት የእርጅና ግጥም ነው፤ ሌላ ምን ይጽፋሉ!

በቀደም አንድ ወዳጄ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አዲሱን አነበበልን። አብረውን የነበሩት ወጣቶች ተሽቀዳደሙ፦ «ኧረ ጋሼ፣ ምን አርጅተው! ገና ነዎት እኮ!» ፊቱ ቅጭም አለ። አጽናኑኝ መች አለ? የጠየቀው ስለ ስንኙ ነው።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ሰውየውን ተዉትና ግጥሙን ያዙ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ወዳጄ የጻፈው በወል ቤት ነው፤ በስንኙ ግማሽ 6፣ በሌላው ግማሽ 6፣ በስንኝ 12 ቀለም፤ ቀለም ማለት ቃሉ በአፍ ሲባል አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ክፍል ነው።

ሽበት መጣ ብዬ አልደነግጥም እኔ፣
ጉልበቴ ነው እንጂ የከዳኝ ወገኔ።

ፊደል አትቁጠሩ። ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ት» እና «ም» ያለው ስድስተኛው ፊደል፣ አንዳንዴ ይዋጣል፣ አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይቆማል። «ሽበት መጣ ብዬ» ፊደሉ 7 ነው፣ በአፍ ሲባል ግን 6። «አልደነግጥም እኔ» በአፍም 7 ነው። እዚያ ላይ ምላስ ይደናቀፋል።

«ምጣኔው ተበላሽቷል» ብላችሁ አትደምድሙ። ቦታውን አሳዩና «እዚች ጋ ያዘኝ» በሉ። ማቃናቱ የባለቤቱ ነው። ወዳጄ ወዲያው «ም»ን ጣላትና «አልደነግጥ እኔ» አለ። ገጠመ። መንዙማና ትዝታ እየሰማ ያደገ የወሎ ጆሮ ብዙ አይነገረውም።

ቤት መምታት ፋሽኑ አልፎበታል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሁን። ሰውየው በቤት ከጻፈ ግን በቤት ሕግ ነው የሚዳኘው።

ስታመሰግኑም «አሪፍ ነው» ብላችሁ አትለፉ። እኔን የነካችኝ «ወገኔ» ናት። ጉልበት የገዛ ዘመድ ሆኖ ሲከዳ፣ ነገሩ የጤና ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ቂም ይሆናል። ይህንኑ ነገርኩት።

ቤት መምቻው ላይ ግን አልለቀቅኩትም። አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን በግስ ስለሚዘጋ ግስ በግስ መምታት ለሰነፍ ይመቻል። ወዳጄ ከዚያ አምልጧል። ሆኖም «አልደነግጥ» ካለ ማን እንደሆነ ታውቋል፤ «እኔ» ምን ልትሠራ መጣች? ቤት ለመምታት ብቻ የተጠራች መሰለኝና ጠየቅኩት።

«እሷን እንዳትነካብኝ» አለኝ። «እኔን ካወጣሁ ማን ሊቀር ነው?»

አላወጣትም። እኔ አሁንም ትውጣ ባይ ነኝ።