ሦስተኛ ፎቅ፣ 94 ኪሎ፣ 120 ቮልት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው። እኔና ባለቤቴ ለጂም በየራሳችን በወር 3,500 ብር እንከፍላለን። እሷ በሳምንት 4 ቀን ትሄዳለች። እኔ ከሥራ ስወጣ ትራፊኩ ያመሽብኛል፤ እውነቱን ለመናገር በወር 5 ቀን ብሄድ ነው። ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። አንድ አገር የሚለቅ ሰው ከአሜሪካ ያስመጣውን መሮጫ ማሽን በ75,000 ብር ልሽጥልህ ብሎኛል። ማሽኑ ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 15 አምፒር የሚል ጽሑፍ አለው። «ትራንስፎርመር መግዛት ብቻ ነው» ይላል። ልግዛው? ካልሆነስ ለቤት ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛው። ምክንያቱን ልንገርህና ከዚያ ውሳኔው ያንተ ነው።

እኔ የጂም ማሽን መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሰው ቤት ተጠርቼ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ሞተሩን አይደለም፣ ቆጣሪውን ነው። ብዙዎቹ መሮጫ ማሽኖች ከተገዙ ጀምሮ የሄዱትን ኪሎ ሜትር ይይዛሉ። ባለፈው ክረምት ቦሌ አንድ ቤት ተጠራሁ። ባለቤትየው «3 ዓመት ሠርቷል፣ አርጅቶ መሰለኝ» አሉኝ። መያዣው ላይ ሁለት ጃኬትና አንድ ጋቢ ተሰቅሏል። እሱን አነሣሥቼ ቆጣሪውን አየሁት፤ 41 ኪሎ ሜትር። በ3 ዓመት ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ቢሾፍቱ እንኳ አልደረሰም። ሽፋኑን ስከፍተው ሞተሩ አቧራ ለብሷል፣ ጥግ ላይ የሕፃን ካልሲ አለች። ማሽኑ በሩጫ ብዛት አልነበረም የሞተው። ቆሞ ነው። ቅባቱ ደረቀ፣ ቤልቱ (የሚሮጥበት ላስቲክ) በታጠፈበት ቅርጽ ያዘ፣ ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ሲነሣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ቦርድ አልቻለም።

ይህን የምልህ ላሳፍርህ አይደለም። በወር 5 ቀን የሚሄድ ሰው አንዱን የጂም ቀን በ700 ብር ነው የሚገዛው፤ መላ መፈለግህ ልክ ነህ። የባለቤትህን ክፍያ ግን እንዳትነካ። በሳምንት 4 ቀን የምትሄድ ሰው በአንድ ቀን ከ220 ብር በታች ነው የሚደርስባት። እሷ ጂሟን አግኝታለች። ጉዳዩ ያንተ ነው።

አሁን ወደ 120 ቮልቱ እንምጣ። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስልሃል፤ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ ግን አይነካውም። ለቤት የተሠራ መሮጫ ማሽን ብዙውን ጊዜ ዲሲ ሞተር (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ስላለው ዋናው ሞተር በዚህ ብዙም አይቸገርም። ቦርዱ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይለውጥለታል። ችግሩ ዳገት የሚያነሣው ትንሹ ሞተር ላይ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ኤሲ ነው፤ የሚመላለሰውን የግድግዳ መብራት እንዳለ ነው የሚጠቀመው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲሠራ ይዘገያል፣ ይግላል። ዳገቱን እያወጣህ እያወረድክ ከተጫወትክ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

የትራንስፎርመሩ ሂሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። 120 ሲባዛ በ15፣ 1,800 ዋት። አንድ 94 ኪሎ ሰው ተረከዙን በጣለ ቁጥር ሞተሩ የሚስበው ይዘልላል። ስለዚህ 2,000 የሚል ትራንስፎርመር አይበቃህም፤ እውነተኛ 3,000 ዋት ያስፈልግሃል። እውነተኛ ያልኩት በምክንያት ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አትመን፣ አንሣው። 3,000 የሚለው በአንድ እጅ ሲነሣ ካልከበደህ ውስጡ መዳብ የለም። ከዚያ ደግሞ ያንን ብረት ለብቻው ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት ላይ መሰካት አለብህ። በዲቫይደር አይሆንም። ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና መሮጫ ማሽን በአንድ ዲቫይደር የሰካ ቤት ገብቼ የቀለጠ ሶኬት አይቻለሁ። የሶኬትህን ኤርዝም (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ) አስለካ። ቤልቱ ሲሽከረከር ስታቲክ (የመፋተግ ኤሌክትሪክ) ይፈጥራል፤ ኤርዝ በሌለበት ቤት መያዣውን በነካህ ቁጥር ይነዝርሃል።

ይህን ሁሉ አሟልተህ እንኳ አንድ አደጋ ይቀራል። አንድ ቀን አንድ ሰው ትራንስፎርመሩን ነቅሎ ማሽኑን በአዳፕተር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ቤት የሚያጸዳ ሰው ሊሆን ይችላል። ጧ! ይላል፣ ትንሽ ጢስ፣ አለቀ። እኔ ጋ ከመጡት የአሜሪካ ማሽኖች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የተቃጠሉት። ቦርዱ ደግሞ እዚህ የለም። ከውጭ ሰው በሻንጣ እስኪያመጣልህ ማሽኑ ጃኬት መስቀያ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ስለ ፎቁም ልንገርህ። ወለሉ አይፈርስም፣ አትፍራ። የሚፈርሰው ጉርብትናው ነው። ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ የክብደቱን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው የሚጥለው። ያንተ ከ188 እስከ 282 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ላስቲክ ምንጣፍ ብታነጥፍ የሞተሩን ጩኸት ይቀንሳል እንጂ ዱም ዱሙን አያስቀርም። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሥርህ ያሉትን እትዬ እየቀሰቀስክ ቡና ጥሩኝ ማለት ይከብዳል። ደግሞ ሊፍት የላችሁም። 100 ኪሎ የሚሆን ማሽን በዚያ ደረጃ ማጠፊያ ላይ ሲዞር ጫኝና አውራጆቹ የሚይዙት በስክሪኑ በኩል ነው። ውስጥ ያለችው ቀጭን ገመድ ትበጠሳለች። ከዚያ «ትናንት ይሠራ ነበር» ተብዬ እጠራለሁ።

ይህን ሁሉ ሰምተህ «አይ፣ እሱን ነው የምፈልገው» ካልክ፣ ወይም ሌላ 220 ቮልት የሆነ ያገለገለ ማሽን ካገኘህ፣ ሳትፈትሽ ገንዘብ አትቁጠር። ስኒከርህን አድርገህ ሂድ። ሻጩን «አታስነሣው፣ ስመጣ ቀዝቃዛ ይሁን» በለው።

መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል። እጅህን ከቤልቱ ሥር ወደ መሐል አስገባና ጣውላውን ዳብሰው። ልስልስ ብሎ ጣትህ ላይ ቀጭን ቅባት ከተወ ደህና ነው። ደረቅ ሆኖ እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሸካራ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ዋጋው ግማሽ ነው፣ ወይም ተወው። የቤልቱን ጠርዝ እይ። ነጭ ክር ከወጣው አንድ ጎን እየታከከ ሲሄድ ኖሯል።

ከዚያ ይሰካና በትንሹ ፍጥነት፣ በሰዓት 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር አድርገህ ቁምበት። ፈጠን ሲል ሁሉም ማሽን ጥሩ ነው፤ ተንኮሉ የሚታየው ሲያዘግም ነው። እግርህን ስትጥል ቤልቱ ያዝ ለቀቅ ካደረገ ወይ ቤልቱ ላልቷል፣ ወይ ጣውላው ደርቋል፣ ወይ ውስጥ ያለው የሞተሩ ቺንጋ ይንሸራተታል። ሻጩ «አይ፣ ስላልሞቀ ነው» ይልሃል። አይደለም።

ቀጥሎ በ5 ወይም በ6 ፍጥነት 20 ደቂቃ ተራመድ። ሻጩ ቢሰለቸውም ተራመድ። በ2 ደቂቃ የሚፈተሽ መሮጫ ማሽን የለም፤ ቦርድ የሚግለው ቆይቶ ነው። ስትጨርስ ወደ ሞተሩ ሽፋን አፍንጫህን አስጠጋ። የተቃጠለ ነገር ሸተተህ? ደህና ዋል ብለኸው ውጣ። ካልሸተተህ፣ እየሠራ ሳለ ቀይዋን የደኅንነት ቁልፍ ንቀል። ማሽኑ ወዲያው መቆም አለበት። ብዙ ቤት ይቺ ቁልፍ ጠፍታ በፍሪጅ ማግኔት ተተክታ አግኝቻለሁ። ማሽኑ ይሠራል፤ አንተ ስትወድቅ ግን አብሮህ የሚወጣ ገመድ የለም።

ቅባቱን በተመለከተ፣ ሲሊኮን ብቻ ነው። ግሪስ አይደለም፣ የመኪና ዘይት አይደለም። አንድ ደንበኛዬ የምግብ ዘይት ቀብቶት ነበር። ማሽኑ 15 ደቂቃ ሲሠራ ሳሎኑ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸት ጀመር። እንደዚያ ሲሆን ቤልቱም ጣውላውም አይድኑም።

እንግዲህ ላንተ ወደምመርጠው ልምጣ። ባለህበት ተቀምጠህ የምትነዳው፣ በማግኔት የሚሠራ ሳይክል ግዛ። አብዛኛው ሶኬት አይፈልግም። መብራት ቢሄድ ባይሄድ ግድ የለህም፤ ትንሿ ስክሪን ብዙ ጊዜ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ክብደትህን ወንበሩ ይሸከማል፤ ጉልበትህ እንደ ሩጫ አይደበደብም። ጉልበትህን ግን ሐኪም ይየው፤ እኔ የማሽን ኩሽኔታ እንጂ የሰው አላውቅም። ለሥርህ ያሉት ጎረቤቶችም ከመሮጫ ማሽን ጋር ሲወዳደር ምንም አይሰማቸውም።

በማግኔት ያልኩህን ልብ በል። ርካሹ ዓይነት ውስጡ የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ ልክ እንደ ፍሬን ሸራ በሚጫን ጨርቅ ነው የሚጠብቀው። ይጮኻል፣ ያልቃል፣ አቧራ ያራግፋል። ማግኔቱ ጎማውን ሳይነካ ነው የሚይዘው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል ነው። ጠበቅ አድርገህ በእጅህ ፔዳሉን አዙረውና አዳምጥ። የሚፋቅ ነገር ከሰማህ ጨርቅ ነው።

ላዩ ላይ የሚችለው ክብደት ተጽፏል። 100 ኪሎ የሚለውን አትውሰድ። ለ94 ኪሎ ሰው ወሰን ላይ ነው፤ ወንበሩ በሁለት ወር ይወዛወዛል። 120 እና ከዚያ በላይ የሚለውን ፈልግ። ፔዳሉን ይዘህ ወደ ጎን ግፋው፣ ሳበው። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ ስታደርግ፣ ፔዳሉ ዝቅ ሲል እግርህ ሊዘረጋ ይገባል። ሰው ሁሉ ወንበሩን ዝቅ አድርጎ ይቀመጥና ጉልበቴን አመመኝ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ይህ በቀን 30 ደቂቃ፣ 5 ቀን ነው። ዜና እያየህ ይሞላል።

ያው ድርጅት ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር በሳምንት 2 ቀን ጨምሩ ስለሚል ሁለት ዳምብል ጨምርበት። ክብደቱ የሚቀያየር፣ የብረት ይሁን። በፕላስቲክ የተሸፈነው ብዙ ጊዜ ውስጡ ስሚንቶ ነው። እኛ በወጣትነታችን የኒዶ ጣሳ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተን ነበር የምናነሣው፤ አሁን በቀለምና በሚያምር ካርቶን መጣ እንጂ ያው ነው። 1 ሊትር ኮንክሪት 2.4 ኪሎ ገደማ፣ 1 ሊትር ብረት ግን ከ7 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለዚህ ነው የስሚንቶው እንደዚያ የሚወፍረው። ሲወድቅ ደግሞ ይሰነጠቅና ምንጣፍህ ላይ አሸዋ ያፈሳል።

ግድግዳ ላይ የሚታሰር መንጠልጠያ ብረት ካማረህ ቦታውን ምረጥ። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ባዶ ብሎኬት ነው። ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ለሥዕል ይይዛል፣ ለ94 ኪሎ አይይዝም። ኮለኑን (የኮንክሪት ምሰሶውን) ወይም ቢሙን (አግድሙን ኮንክሪት) ፈልግ። በቡጢ መታ መታ አድርገው፤ ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ አለው፣ ኮለኑ እጅህን ያመዋል። ገመድ መዝለሉን ተወው፤ እሱም እንደ ሩጫው ዱም ዱም ነው። ሆድ የሚያንቀጠቅጠውን ቀበቶ ደግሞ ሲያዩት ነው የሚያምረው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ሳይክሉ ፈርሶ በካርቶን ነው የሚመጣልህ። ቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ግራው ግን ወደ ግራ ነው። ይህን የማያውቅ ገጣሚ በቁልፍ ታግሎ ያስገባውና ጥርሱን ይበላዋል፤ በሳምንቱ ፔዳሉ ከነጫማህ ይወልቃል። ስለዚህ ቁልፍ ከመያዙ በፊት አንተ በጣትህ ጀምረው። በጣት 3 ዙር ካልገባልህ አቅጣጫው ተሳስቷል፣ ወይም ፔዳሎቹ ተቀያይረዋል።