የወንዝ ዳር ጎመንና የተበከለ አፈር

ጥያቄ፦ አቃቂ ወንዝ ዳር ባለችኝ ማሳ በመስኖ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አለማለሁ። የቆዳ ፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ጎመኔ ግን ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፍቶ ለምለም ነው። ጎረቤቴ «አንድ ክረምት የሱፍ አበባ ዝራበት፣ መርዙን መጥጦ ያወጣልሃል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጎመንዎ ልምላሜ እንዳያዘናጋዎት አደራ እንላለን። ተክል በሥሩ የገባውን ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ድኝ ካላቸው ውህዶች ጋር አጣብቆ በሕዋሱ ውስጥ ለብቻው ስለሚያስቀምጠው፣ እርሱ ምንም ሳይሆን የሚበላውን ሰው ኩላሊት በጊዜ ብዛት የሚጎዳ መጠን ሊሸከም ይችላል። በተለይ ቅጠላ ቅጠል ካድሚየምን ከቲማቲምና ከበቆሎ ፍሬ ይልቅ ይሰበስባል። ሌላው መርዛማ ብረት እርሳስ ግን በአብዛኛው አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ማዕድ የሚደርሰው ይበልጡን ዝናብ በታችኛው ቅጠል ላይ በሚረጨው ጭቃና በአቧራ ስለሆነ፣ ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይጠቅማል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ግን መታጠብም መቀቀልም አያጠፋውም።

ጎረቤትዎ የሰሙት ነገር መሠረት አለው። አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ከአፈር ስቦ በቅጠሉ የሚያከማች፣ ፈርን ከሚባለው አበባ የለሽ ተክል ወገን የሆነ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሆኗል። ይሁን እንጂ ስሌቱን አብረን እንየው፦ የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በኪሎው 100 ሚሊ ግራም ትርፍ እርሳስ ቢኖርበት ጠቅላላው 260 ኪሎ ይሆናል። ከማሳው 10 ቶን ደረቅ የሱፍ አበባ ቢያጭዱና በኪሎው 100 ሚሊ ግራም እርሳስ ቢይዝልዎት እንኳ፣ ይህም ለእርሳስ ከፍተኛ ግምት ነው፣ የሚወጣው 1 ኪሎ ብቻ ነው። የታጨደውም ለከብት አይሰጥም፣ ለማገዶም ለኮምፖስትም አይሆንም።

ስለዚህ ቅጠላ ቅጠሉን ትተው ለምግብ ወደማይውል አበባ ወይም ችግኝ ቢዞሩ እንመክራለን። በወንዙ ዳርቻ ቬቲቨር ሣር ቢተክሉ መርዛማ ብረቶቹን በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይዞ አፈሩ እንዳይሸረሸር ይረዳል። የመስኖው ውኃ እስካልተለወጠ ድረስ ግን የትኛውም ተክል ማሳውን አያጸዳም።

አፈሩን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እየቆፈሩ ጥቂት ጥቂት አፈር ያውጡና በፕላስቲክ ባልዲ ያደባልቁት፤ የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ስላለበት ውጤቱን ያዛባል።