ፕላንት ሳይቆም የኮሙኒኬሽን ሞጁል ስለመቀየር፦ ለወንድማችን ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፕላንታችሁ ሴፍቲ ኮንትሮለር በሆነው ትሪኮን ሻሲ (ካርዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ላይ ካሉት ሁለት ቲሲኤሞች፣ ማለትም የኮሙኒኬሽን ሞጁሎች፣ የአንዱ ቀይ የፎልት (የብልሽት) መብራት በርቷል። ፕላንቱ ግን እየሠራ ነው። አለቃህ «ሁለተኛው ስላለ እስከ ሹትዳውን (ፕላንቱ ለጥገና እስኪቆም) ይቆይ» ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ መቀየር ፈልገህ፣ ስትነቅለው ትሪፕ (የፕላንቱ በራሱ መቆም) እንዳይመጣ ፈርተሃል። እኔ በባሕረ ሰላጤው አገር በማጣሪያና በፔትሮኬሚካል ፕላንት ኢንስትሩመንት ላይ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ፤ ይህን ሥራ ፕላንት እየሠራ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። እኔ ብሆን ሹትዳውን አልጠብቅም፤ ነገር ግን ሁለተኛው መንገድ በእርግጥ መረጃ እያመላለሰ መሆኑን በዓይኔ ሳላይ ብሎኑን አልነካም።

መጀመሪያ ስለ ትሪፑ። ሎጂኩን የሚያሰሉት ሦስቱ ዋና ፕሮሰሰሮች ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። ቲሲኤም በዚህ የድምፅ አሰጣጥ ውስጥ የለበትም። ሥራው መረጃን ወደ ዲሲኤስ (ኦፕሬተሮቹ ፕላንቱን ወደሚያስኬዱበት የኮንትሮል ሥርዓት)፣ የትሪኮን ሎጂክ ወደሚጻፍበት ትራይስቴሽን ኮምፒውተርና ወደ ሌሎች ትሪኮኖች ማመላለስ ነው። ስለዚህ ቲሲኤም ስለወጣ ብቻ ቫልቭ አይዘጋም። የሚያስፈራው ሎጂኩን የጻፈው ሰው በኮሙኒኬሽኑ ላይ የመሠረተው ነገር ካለ ነው። ለምሳሌ ከሌላ ትሪኮን በፒር ቱ ፒር (ከኮንትሮለር ወደ ኮንትሮለር በኔትወርክ) የሚመጣ የትሪፕ ምልክት ካላችሁ፣ ተቀባዩ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ መልእክት ካልደረሰው ምልክቱን ወደ ትሪፕ እንዲወስደው ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የዲሲኤስ የልብ ምት፣ ማለትም ዲሲኤሱ «አለሁ» እያለ በየጊዜው የሚልከው ምልክት ነው። በአንዳንድ ፕላንት የጥገና ባይፓስ (አንድ መለኪያ ለጊዜው ትሪፕ እንዳያመጣ ማድረግ) ከዲሲኤስ ስክሪን ይሰጣል፤ የልብ ምቱ ሲቋረጥ ሎጂኩ ባይፓሱን ሁሉ ያነሣል። በዚያች ሰዓት አንድ ቴክኒሻን ባይፓስ የተደረገ ትራንስሚተር (መለኪያ) ፈትቶ ከሆነ ፕላንቱ ወዲያው ይወርዳል። ሎጂኩን ክፈትና እነዚህን ሁለቱን ፈልግ። በሥራው ሰዓትም አንድም ባይፓስ ክፍት እንዳይኖር ከኦፕሬሽን ጋር ተስማማ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ሬዱንዳንት» (ምትክ ያለው) የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን አሳስቶናል። ትሪኮን ላይ የግብዓትና የውጤት ካርድ ሆት ስፔር ሲኖረው አንዱ ሲታመም ሌላው ራሱ ይረከባል። ቲሲኤም ግን እንደዚያ አይደለም። በአንድ ሎጂካል ስሎት (ጥንድ የካርድ ቦታ) ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ቲሲኤሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላው ተጠባባቂ አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞረው በወዲያኛው ጫፍ ያለው ዲሲኤስ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ሞጁል አረንጓዴ መብራት ስለ ሞጁሉ ጤንነት እንጂ ስለ መንገዱ አይነግርህም። ከሞጁሉ በኋላ ኬብል አለ፣ ስዊች አለ፣ ፋይበር አለ፣ የዲሲኤስ ኮንፊገሬሽን አለ።

ይህን የተማርኩት ሌላ ሥርዓት ባለበት ፕላንት ነው። ካቢኔቱን ከፍተን ሁለተኛው ሞጁል ሁሉም መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን አየን፤ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) ነበረን፤ የታመመውን ነቀልን። ወዲያው የኮንትሮል ሩሙ ሰው በሬዲዮ «የሴፍቲ ገጾቼ በሙሉ ደርቀዋል» አለ። ከወራት በፊት የፋይበር ሥራ ሲሠራ የሁለተኛው መንገድ ኬብል ምንም ወደማያደርስ ፖርት ተዛውሮ ኖሯል። አላርሙ ያኔ ጮኋል፤ ግን ከረጅሙ የአላርም ዝርዝር ውስጥ ታፍኖ ቀርቷል። 20 ደቂቃ ያህል ኦፕሬተሮቹ የሴፍቲ ሲስተሙን ሳያዩ ፕላንት አስኬዱ። የሺፍት ኃላፊው ከአስቸኳይ ማቆሚያው ቁልፍ አጠገብ ቆሞ እጁን ሳያነሣ ጠበቀን። ያ ቁልፍ በቀጥታ ሽቦ የተያያዘ ስለሆነ ያለ ኮሙኒኬሽንም ይሠራል፤ ለዚህም ነው ፕላንቱን እንድናቆም ያልታዘዝነው። የዚያን ሰውዬ ፊት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ስለዚህ የዲሲኤሱን ሰው ጥራና በፈቃዳችሁ ወደ ሁለተኛው መንገድ አዙሩት። የሚንቀሳቀስ ቁጥር ምረጥ፤ ግፊት ወይም ፍሰት ይሁን፤ በስክሪኑ ላይ እየተለዋወጠ መሆኑን እይ። የደረቀ ቁጥር ትክክለኛ ሊመስል ስለሚችል ዝም ብሎ የቆመ ዋጋ አይበቃህም። ማንበብ ብቻም አይደለም፤ ከኦፕሬተሩ ጋር ተስማምታችሁ ጉዳት የሌለው አንድ ትእዛዝ ላኩ፤ እንደ አላርም ሪሴት ያለ። ቢቻል አንድ ሙሉ ሺፍት በዚያው መንገድ ይሥራ። ይህን ካየህ የታመመውን መንቀል ቀላሉ ክፍል ነው።

ለመንቀሉና ለመትከሉ ረጅም ነገር የለኝም። መለዋወጫው ተመሳሳይ ሞዴል ይሁን፤ 4351ኤ እና 4351ቢ አንድ አይደሉምና የመጨረሻዋን ፊደል ሳይቀር አመሳክር። የኖድ ቁጥር (የኔትወርክ መለያ) መምረጫዎቹን ከአሮጌው ጋር አስተያይተህ ከማስገባትህ በፊት አስተካክል፤ ፎቶ አንሣ። ኬብሎቹን ከመንቀልህ በፊት ምልክት አድርግባቸው። ስታቲክ ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይጎዳ የእጅ አንጓ ማሰሪያውን እሰር። (ለጀማሪ ልጆች፦ ኢኤስዲ ሲባል አንዱ ሰው የአስቸኳይ ማቆሚያን፣ ሌላው የስታቲክ ኤሌክትሪክን ሊል ይችላልና በፐርሚት ላይ ሙሉውን ጻፉት።) አዲሱን ከማስገባትህ በፊት በባትሪ መብራት የባክፕሌኑን (ካርዱ የሚሰካበትን የጀርባ ሰሌዳ) ፒኖች እይ፤ አንድ የታጠፈ ፒን ካየህ እዚያው አቁም። ካስገባህ በኋላ የፓስ መብራት እስኪበራና ፎልት እስኪጠፋ ታገሥ፤ ከዚያ ኬብሎቹን አንድ በአንድ መልስ።

አዲሱ ሞጁል ሁሉ ነገሩ ደህና ሆኖ ዲሲኤሱ ካላየው ሞጁሉን ደግመህ ለመንቀል አትቸኩል። በዚያው በሌላው ሥርዓት ላይ፣ አይፒ አድራሻው አንድ ዓይነት ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልገናኝ ብሎን ነበር። መለዋወጫውንም «ተበላሽቶ የመጣ ነው» ብለን ልንመልሰው ደርሰን ነበር። በኋላ የኔትወርኩ ልጅ ሲመጣ ስዊቹ የአሮጌውን ካርድ ማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ ካርድ የራሱ መለያ ቁጥር) ይዞ ሌላ እንዳያስገባ ተቆልፎ አገኘው። ፖርቱን ሲከፍተው ወዲያው ተገናኘ። የኔትወርክ ሰው በፐርሚቱ ላይ ስሙ ካልተጻፈ ዛሬ ሥራ አልጀምርም።

ሌላው ሰዓት ነው። የትሪኮኑ ሰዓት የሚስተካከለው በዚያው በቀየርከው ሞጁል በኩል ከሆነ፣ ከሥራው በኋላ የትሪኮኑንና የዲሲኤሱን ሰዓት አነጻጽር። ካለዚያ ከሦስት ወር በኋላ ትሪፕ ሲመጣ የትኛው ቀደመ የሚለውን ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም።

የፕሮሰሰሩን የሞድ መምረጫ ቁልፍ በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ያንኑ ሞዴል በዚያው ኮንፊገሬሽን ለመተካት ቁልፉን ሎጂኩን መቀየር ወደሚፈቅደው «ፕሮግራም» ማዞር አያስፈልግም፤ «ራን» (መደበኛው የሥራ ቦታ) ላይ ይቆይ። በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ ፔትሮኬሚካል ፕላንት ትራይተን የተባለው ማልዌር የትሪኮን ሴፍቲ ኮንትሮለሮችን ሲያጠቃ፣ ቁልፉ ፕሮግራም ላይ ተትቶ መገኘቱ መንገድ ከከፈቱለት ነገሮች አንዱ ነበር። ፕላንቱ ወደ ደኅና ሁኔታ ገብቶ ስለቆመ ነገሩ ታወቀ። እኛ ጋ አሁን ቁልፉ ተነቅሎ በሺፍት ኃላፊው ካዝና ነው የሚያድረው። ላፕቶፕህንም ለማየት ብቻ ካስፈለገህ አገናኝተህ ወዲያው ንቀል።

ከአለቃህ ጋር አትጣላ፤ የእርሱ ፍርሃትም ፍርሃት ነው፤ የሚጠየቀው እርሱ ነውና። ግን አሁን ያላችሁ አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን፣ እርሱም ቢቋረጥ ኦፕሬተሩ ሴፍቲ ሲስተሙን እንደማያይ በጽሑፍ አሳውቀው። የሁለተኛውን መንገድ ሙከራ ውጤትም አያይዝለት። እኔ ጋ «ይቆይ» ያሉ ሁለት አለቆች ፊርማቸውን ያኖሩት የሙከራውን ወረቀት ካዩ በኋላ ነው። ሙከራው ሁለተኛው መንገድ የሞተ መሆኑን ካሳየህ ደግሞ ሞጁሉን ተወውና ዛሬውኑ ያን መንገድ አድን።

የፒር ቱ ፒር ምልክት እንዳላችሁና እንደሌላችሁ አይተህ እዚሁ ጻፍልኝ። ካላችሁ የጊዜ ገደቡን ጨምረህ ላክ፤ ከመንቀልህ በፊት አብረን እናየዋለን።