«ልጄን ያስተማርኩት ጆንያ እንድትቆጥር ነው?»

ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ ወድጄዋለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። የግብርና ኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነሽ። አባትሽ አርሲ ውስጥ ስንዴ ያርሳሉ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በማዳበሪያ ድጎማ ላይ እየሠራሽ ሳለ አንድ መምህርሽ «ድጎማው ነገ ይነሳል፤ ያኔ ይሄ እውቀትሽ ለማን ይጠቅማል?» አሉሽና እንቅልፍ አጣሽ። አንድ የገበሬዎች ዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማህበራት ጥምረት) ለግብዓትና ግብይት ክፍሉ ጀማሪ ሠራተኛ ይፈልጋል። አባትሽ ግን ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት እንድትገቢላቸው ነው የሚፈልጉት። የዩኒየኑን ነገር ስታነሺባቸው «ልጄን ያስተማርኩት ጆንያ እንድትቆጥር ነው?» አሉሽ።

እዚህ ጋ ስደርስ ሻዬን አስቀመጥኩ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ጆንያ በመቁጠር ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ምክር ከኔ አትጠብቂ።

መጀመሪያ የመምህርሽን ነገር እንጨርስ። ድጎማ ይነሳል ማለታቸው ልክ ነው። ከዚህ በፊትም ተነስቷል። በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ቀርቶ ዋጋው ለገበያ ተለቅቆ ነበር። የግል አስመጪዎች ገብተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ፤ ግዢው ተመልሶ መንግሥት እጅ ገባ። 2014 ላይ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሰማይ ነካ። መንግሥትም በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ይዞ ወደ ድጎማ ተመለሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 አለፈ። ማዳበሪያችን በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ነው። ድጎማው እንደገና አበጠ።

«አበጠ» ያልኩት በምክንያት ነው። ለስሌት እንዲቀለን አንድ ኩንታል 100 ብር ያወጣል እንበል። አባትሽ 80 ይከፍላሉ፣ መንግሥት 20 ይደጉማል። ዶላሩ ጨምሮ ወጪው 200 ሆነ። አባትሽ ያንኑ 80 ይክፈሉ ከተባለ የመንግሥት ድርሻ 120 ይሆናል። ስድስት እጥፍ! ዜናው «የማዳበሪያ ድጎማ ስድስት እጥፍ አደገ» ይላል። አባትሽ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰላቸውም።

ይሄን ማስላት የሚችል ሰው ድጎማው እያለም ይፈለጋል። የተነሳ ዕለት ደግሞ ስልኩ ይጨናነቃል፤ እያንዳንዱ ዩኒየን፣ እያንዳንዱ ባንክ «አሁን ገበሬው ስንት ይገዛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መምህርሽ የዘነጉት ይሄን ነው።

ግን ስሌቱን ክፍል ውስጥም ታገኚዋለሽ። ክፍል ውስጥ የማታገኚውን ልንገርሽ።

በገበሬዎች ማህበር መጋዘን ውስጥ በምሠራበት ዘመን አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ መጡ። ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ጆንያ ወሰዱ። ፈረሙ፣ አህያቸው ላይ ጫኑ፣ ሄዱ። ለምሳ ስወጣ ከማህበሩ አጥር ማዶ አገኘኋቸው። አንዱ ጆንያ የለም። ለነጋዴ ሸጠውታል፣ በድጎማ ከገዙበት በላይ። ወጣት ነበርኩና ተናደድኩ። «አባቴ፣ ይሄ ለማሳ እኮ ነው የተሰጠዎት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለቱንም ብበትነው መስከረም ላይ ምን ልበላ ነው?» አሉኝ።

በኔ መዝገብ ላይ ግን ሁለቱም ጆንያዎች ማሳ ገብተዋል። ወረዳው የኔን መዝገብ ተቀበለ፣ ዞኑ የወረዳውን፣ ክልሉ የዞኑን። አንቺ ጽሑፍሽ ላይ «የማዳበሪያ አጠቃቀም በሄክታር» ብለሽ የምታስገቢው ቁጥር የተወለደው እንዲህ ነው። ቁጥሩን የምትተነትኚበት ሶፍትዌር ይሄን አይነግርሽም። ጆንያ የቆጠረ ሰው ነው የሚነግርሽ።

የራሴንም ጥፋት ልጨምርልሽ። አንድ ዓመት የገበሬውን ፍላጎት አሰባስበህ አቅርብ ተባልኩ። ቀበሌ ለቀበሌ መዞሩን ሰነፍኩና የአምናውን ቁጥር አንስቼ ትንሽ ጨመርኩበት። ዝናቡ ዘገየ። ገበሬው የሚዘራውን ቀየረ። ስድስት መቶ ኩንታል መጋዘን ውስጥ ቀረብኝ። በዓመቱ ስንከፍተው እርጥበት ገብቶት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ በመዶሻ ነው የሰበርነው። ማዳበሪያው የተገዛው በብድር ስለነበር ወለዱ አልተኛም። ስለ ድጎማ ወጪ እስከ ዛሬ የማውቀውን ግማሽ ያህሉን ያስተማረኝ ያ መዶሻ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ስንዴ። «አባቴ የድጎማ ተጠቃሚ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እርግጠኛ ነሽ? መንግሥት ለዓመታት ከውጭ ስንዴ እየገዛ ከገበያው ባነሰ ዋጋ ለዱቄት ፋብሪካዎች በኮታ ሲያከፋፍል ኖሯል። ዓላማው የከተማው ዳቦ እንዳይወደድ ነበር። ክፉ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን ርካሽ ኮታ የደረሰው ፋብሪካ ለአባትሽ ስንዴ ለምን ይሟገታል? ስለዚህ አባትሽ ማዳበሪያ ሲገዙ ተደጎሙ፣ ስንዴ ሲሸጡ ተቀነሰባቸው። የሁለቱን ልዩነት አስልተሽ ታውቂያለሽ? ጽሑፍሽ ማዳበሪያው ላይ ብቻ ካቆመ ግማሽ ታሪክ ነው። ዛሬ ወሬው ሌላ ነው፤ የበጋ መስኖ ስንዴ መጣ፣ በ2015 ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ ተባለ። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ዋጋውን ማን ይወስናል፣ ልዩነቱን ማን ይከፍላል?

ጤፍንም እይው። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ1998 ጀምሮ ተከልክሎ ቆይቷል። እንጀራው ግን በአውሮፕላን ዋሽንግተን ይደርሳል። ስሙ ድጎማ አልተባለም እንጂ የከተሜውን እንጀራ የደጎመው የጤፍ ገበሬው ነው፣ ከፍ ያለ ዋጋ ሊያገኝበት የሚችል ገበያ ተዘግቶበት። (እኔም ከተሜ ነኝ፤ እየበላሁ ነው የማወራው።)

«መጽሐፎቻችን ስለ አውሮፓና አሜሪካ ብቻ ነው የሚያወሩት» ላልሽው ደግሞ፣ እሱንም አትናቂው። እ.ኤ.አ. በ2002 ብራዚል አሜሪካን በጥጥ ድጎማ ዓለም ንግድ ድርጅት ዘንድ ከሰሰች፤ ረታችም። ነገሩ በ2014 ሲቋጭ አሜሪካ ለብራዚል ጥጥ አምራቾች ተቋም 300 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊም በ2003 ስለዚሁ ጥጥ አቤት ብለው ነበር፤ እንደ ብራዚል ግን አልቀናቸውም። ብራዚል የድጎማው እያንዳንዱ ዶላር ዋጋውን ምን ያህል እንደሰበረ የሚያሰሉ ሰዎች ነበሯት። ኢትዮጵያ ለዚሁ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። በድርድሩ ለእርሻ የምትሰጠውን ድጋፍ በቁጥር አስቀምጣ ማሳየት ይጠበቅባታል። ያንን ሰንጠረዥ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቀን አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ግን ጆንያው የት እንደሄደ የምታውቅ አንቺ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አባትሽ የወረዳውን ሥራ የሚፈልጉት ቋሚ ደሞዝና ጡረታ ስላለው ነው። እረዳቸዋለሁ፤ ዝናብ አምኖ የኖረ ሰው ቋሚ ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም። ወረዳም ላይ አንጀታቸውን የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። አንቺ ግን በጻፍሽው ጠባይሽ በሁለት ዓመትሽ ሪፖርት ስታጠናቅሪ ራስሽን ታገኚዋለሽ፣ እኔ በመጋዘን የጻፍኩትን ዓይነት ቁጥር እየደመርሽ። ጡረታውን በተመለከተ ዩኒየኑን መዋጮ እንደሚቆርጥ ጠይቂና መልሱን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

«ገና ሳልቀጠር የደሞዜ ግማሽ ለታናሽ ወንድሜ የግል ኮሌጅ ተብሏል» ያልሽው አሳስቦኛል። ይሄም እኮ ድጎማ ነው። መጠኑና ማብቂያው ካልተወሰነ የሚሆነውን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። «ለአንድ ዓመት፣ በወር ይሄን ያህል» በይ። ያኮርፋሉ። ይለፍላቸው። የጀማሪ ደሞዝ ተከፍሎ የቤት ኪራይና ሁለት ቤተሰብ አይችልም።

ማስተርሱ ይቆይ፤ ሁለት ክረምት መጋዘን ካሳለፍሽ በኋላ የምትጠይቂውን ጥያቄ ይዘሽ ትገቢያለሽ። እንግሊዝኛሽ ደብዳቤሽ ውስጥ እንዳየሁት ከበቂ በላይ ነው። አጎትሽ «ዱባይ ነይ» ያሉሽ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እስኪልኩልሽ ድረስ ሐሳብ ብቻ ነው።

ዩኒየኑ ከጠራሽ ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። ባለፈው ክረምት ዩሪያው መጋዘን የገባው በስንት ቀን ነው? ከአምና ስንት ኩንታል አደረ? ስንዴ ከገበሬው ስትገዙ ገንዘቡ በስንት ቀን ይከፈላል? ሳያቅማሙ የሚመልሱልሽ ከሆነ ደሞዙ አነስ ቢልም ግቢ። «እሱን ሌላ ክፍል ነው የሚያውቀው» ካሉሽ ደግሞ ደግመሽ አስቢበት።

ማመልከቻው አርብ ይዘጋል ብለሻል። ሐሙስ ጠዋት አስገቢው። አባትሽን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አብረሻቸው ሂጂና ስንዴያቸው ሲመዘን ሚዛኑ አጠገብ ቁሚ።