የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአሥራ ስድስት መልእክት አንዱን የሚጥለው የዲኪም ራስጌ

ጥያቄ፦ ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚገቡ ኢሜይሎችን የዲኪም ፊርማ (መልእክቱን የፈረመው ዶሜይን ማን እንደሆነና በመንገድ አለመለወጡን የሚያሳይ፣ በራስጌው ውስጥ የሚቀመጥ ዲጂታል ፊርማ) የሚያረጋግጥ አነስተኛ ሞጁል በፓይተን ጽፌ ለብዙ ወራት ያለ ችግር ሠርቷል። በቅርቡ ግን ከአንድ አዲስ ደንበኛ የሚመጡ መልእክቶች አንዳንዶቹ «ቁልፉ አልተገኘም»፣ ሌሎቹ ደግሞ «ፊርማው አልተመሳሰለም» እየተባሉ መውደቅ ጀመሩ። እያንዳንዱ ስህተት ከመቶ መልእክት በስድስት ወይም በሰባት ላይ ይታያል። ግራ ያጋባኝ ነገር፣ የወደቀውን መልእክት ደንበኛው እንዳለ ደግሞ ሲልከው እንደገና መውደቁ፣ ከጽሑፉ አንድ ቃል ቀይሮ ሲልከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማለፉ ነው። በፊርማው ራስጌ ውስጥ ያሉትን መለያዎች፣ ማለትም «ሲ»፣ «ኤች»፣ «ቢኤች» እየተባሉ በላቲን ፊደል የሚጠሩትን መስኮች፣ የማወጣው ስማቸውንና የእኩል ምልክቱን በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ፈልጌ፣ መጀመሪያ ካገኘሁት ቦታ አንሥቶ እስከሚቀጥለው ሴሚኮለን ያለውን በመውሰድ ነው። «ሲ» ባዶ ሆኖ ካገኘሁት ደረጃው ያስቀመጠውን ነባሪ እወስዳለሁ። «ኤች»ን ስፈልግ «ቢኤች» ውስጥ እየገባ ስላስቸገረኝም ለእሱ ብቻ ከፊቱ ክፍት ቦታ እንዲኖር አድርጌያለሁ። ችግሩ ቁልፉን የምጠይቅበት የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች መዝገብ) መዘግየት ይሆን?

መልስ፦ ዲኤንኤስ የለበትም፤ ይህንንም የሚነግረን ራስዎ የጻፉልን ምልክት ነው። የኔትወርክ መዘግየት ቢሆን ኖሮ ያው መልእክት አንድ ጊዜ ወድቆ ሌላ ጊዜ ያልፍ ነበር። የእርስዎ መልእክት ግን አካሉ እስካልተለወጠ ድረስ ሁልጊዜ ይወድቃል፤ አካሉ ሲለወጥ ዕጣው አብሮ ይለወጣል። በፊርማው ራስጌ ውስጥ ከአካሉ ጋር ብቻ የሚለዋወጥ አንድ መለያ አለ፤ እሱም የአካሉን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር አሻራ) የሚይዘው «ቢኤች» ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

የዲኪም ራስጌ በሴሚኮለን የተለያዩ መለያዎች ዝርዝር ነው። «ዲ» የፈራሚውን ዶሜይን፣ «ኤስ» ሰሌክተሩን፣ ማለትም ይፋዊ ቁልፉ በዲኤንኤስ ውስጥ የሚገኝበትን ስም፣ «ሲ» መልእክቱ ከመፈረሙ በፊት የተስተካከለበትን ስልት፣ «ኤች» የተፈረመባቸውን ራስጌዎች፣ «ቢ» ራሱን ፊርማውን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዲኪም ደረጃ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 6376፣ ለእነዚህ መለያዎች ቅደም ተከተል አላበጀላቸውም። አብዛኞቹ ላኪዎች «ሲ»ንና «ኤስ»ን ከፊት፣ «ቢኤች»ንና «ቢ»ን ከኋላ ያደርጋሉ፤ ሞጁልዎም በዚህ ልማድ ላይ ተደግፎ ለወራት ቆመ። አዲሱ ደንበኛዎ ግን፣ ከምልክቶቹ እንደሚታየው፣ «ቢኤች»ን አስቀድሞ ይጽፋል፤ ይህም መብቱ ነው።

አሁን ወደ ሃሹ ጠጋ ብለን እንየው። ሃሹን የሚያሰላው የኤስኤችኤ-256 ስልት ውጤት 32 ባይት፣ ማለትም 256 ቢት ነው። ባይትን በ64 ምልክቶች የሚጽፈው ቤዝ64 በአንድ ፊደል 6 ቢት ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹ 42 ፊደላት 252 ቢት ይወስዳሉ፤ ለ43ኛው ፊደል የሚቀሩት 4 ቢት ብቻ ስለሆኑ ቀሪው ቦታ በሁለት ዜሮ ይሞላል፤ በ44ኛው ቦታ ላይ ሁልጊዜ የእኩል ምልክት ይቀመጣል። አራት ቢት ደግሞ 16 አማራጭ ብቻ ስላለው 43ኛው ፊደል ከ64ቱ መካከል ከ16ቱ አንዱ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ከእነዚህ ከ16ቱ ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት ስድስት ናቸው፦ ሲ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኦ፣ ኤስ እና ደብሊዩ። ከስድስቱ መካከል የዲኪም መለያ ስም የሆኑት ደግሞ ሁለቱ ብቻ፣ «ሲ» እና «ኤስ» ናቸው።

ስለዚህ በአማካይ ከ16 መልእክት በአንዱ ሃሹ በትንሹ «ኤስ» እና በእኩል ምልክት ያልቃል። የእርስዎ ኮድ ሰሌክተሩን ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ጭራ ነው፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሴሚኮለን ያለውን ሲወስድ ባዶ ይጨብጣል፤ ስም የሌለው ሰሌክተር ይዞ ዲኤንኤስን ስለሚጠይቅም ቁልፉ አልተገኘም ይባላል። በሌላው ከ16 አንድ ደግሞ ሃሹ በ«ሲ» ያልቃል፤ «ሲ» ባዶ ሆነና ኮድዎ ወደ ነባሪው፣ ለራስጌውም ለአካሉም «ሲምፕል» ወደሚለው ጥብቅ ስልት ተመለሰ፤ ላኪው የፈረመው የክፍት ቦታ ለውጥን በሚታገሠው በ«ሪላክስድ» ከሆነ ፊርማው ሊገጥም አይችልም። አንድ አሥራ ስድስተኛ ከመቶ ስድስት ነጥብ 25 ነው፤ የቆጠሩት ቁጥር ከዚህ ጋር መግጠሙ መልሱን በልበ ሙሉነት እንድንጽፍልዎ አድርጎናል።

መድኃኒቱ ለ«ኤስ» እና ለ«ሲ»ም ክፍት ቦታ መጨመር አይደለም። ለ«ኤች» ያደረጉት ማስተካከያ ራሱ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ከሴሚኮለን በኋላ ክፍት ቦታ እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብ ስለሌለ፣ መለያዎቹን አጠጋግቶ የሚጽፍ ላኪ ሲመጣ ሞጁልዎ «ኤች»ን ጨርሶ ያጣዋል። ራስጌውን በተሠራበት መንገድ ያንብቡት፦ በመጀመሪያ በሴሚኮለን ይክፈሉት፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ክፍል በመጀመሪያው የእኩል ምልክት ላይ ብቻ ለሁለት ይክፈሉት፤ ከዚያ በስሙና በዋጋው ዙሪያ ያለውን ክፍት ቦታ ያስወግዱ። «በመጀመሪያው ላይ ብቻ» የምንለው፣ የፓይተን «ስፕሊት» ገደብ ካልተሰጠው በሃሹ መጨረሻ ያለውንም የእኩል ምልክት ስለሚቆርጠው ነው፤ «ፓርቲሽን» የተባለው ትእዛዝ ለዚህ ሥራ ይበልጥ ይስማማል። አንድ መለያ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ዝርዝሩ በሙሉ ዋጋ የለውም፤ ኋለኛው ፊተኛውን በዝምታ እንዲተካው መፍቀድ የለብዎትም። የማያውቁት መለያ ሲያጋጥምዎ ግን አልፈውት ይሂዱ። ከመጨረሻው መለያ በኋላ ሴሚኮለን ቢኖርም ስህተት አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምርልዎ፤ ብዙ ሰው ራስጌውን በትክክል ከተነተነ በኋላ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፊርማው ሲረጋገጥ የዲኪም ራስጌው ራሱ ከሌሎቹ ራስጌዎች ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሃሹ ይገባል፤ የሚገባውም የ«ቢ» ዋጋ ባዶ ተደርጎ፣ የመስመሩ ማብቂያም ተትቶ ነው። ይህንን ባዶ ማድረግ የሚገባው በመጀመሪያው ጥሬ ራስጌ ላይ ነው። ከተነተኑት ዝርዝር ተነሥተው ራስጌውን እንደ አዲስ ቢገነቡት፣ ቅደም ተከተሉ ወይም በመለያዎቹ መካከል የነበረው አንድ ክፍት ቦታ ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ላኪው ያልፈረመበትን ጽሑፍ እያረጋገጡ ነው። የ«ቢ»ን ቦታ ሲፈልጉም ከራስጌው መጀመሪያ ወይም ከሴሚኮለን ቀጥሎ፣ መካከል ላይ ክፍት ቦታ ቢኖርም ባይኖርም፣ የተጻፈውን ብቻ ይቀበሉ።

ሥራው ለመማሪያ ካልሆነ በስተቀር ዲኪምፓይ የተባለውን ሞጁል እንዲጠቀሙ እንመክራለን። መለያዎቹን በዚሁ መንገድ ይከፍላል፤ የተደገመ መለያ ሲያገኝም ስህተት ያነሣል።

ጥያቄ፦ መልእክቱን በፓይተን «ኢሜይል» ሞጁል ከፋይል አነብበዋለሁ፤ ምንም ሳልለውጥ መልሼ ወደ ባይት ቀይሬ ለዲኪምፓይ እሰጠዋለሁ። በቀጥታ ስሰጠው የሚያልፍ መልእክት በዚህ መንገድ ሲሄድ አንዳንዴ ይወድቃል። ሁለት ፊርማ ያላቸው መልእክቶችም አንዱን ብቻ ያሳዩኛል።

መልስ፦ እርስዎ አልለወጡትም፤ ሞጁሉ ግን ለውጦታል። የ«ኢሜይል» ሞጁል ዋና ሥራው መልእክትን ለሰው በሚመች መልክ መያዝ ነው፤ አዲሱ የአሠራር ፖሊሲው መልእክቱን መልሶ ሲጽፍ ረጃጅም ራስጌዎችን በራሱ ልክ እንደገና ያጥፋቸዋል። ይህን የሚወስነው «ሪፎልድ_ሶርስ» የተባለው ቅንብር ሲሆን፣ ነባሪው «ሎንግ» ነው፤ ማለትም ከተወሰነው ርዝመት ያለፈው መስመር ይታጠፋል። ላኪው በ«ሲምፕል» ስልት ከፈረመ አንዲት እጥፋት ፊርማውን ታፈርሰዋለች። «ሪላክስድ» እጥፋትንና የተደራረበ ክፍት ቦታን ይታገሣል፤ ሆኖም የመልእክቱ ርእስ ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል ተጽፎ በኮድ ተጠቅልሎ የመጣ ከሆነ፣ ሞጁሉ ፈትቶ እንደገና ሲጠቀልለው ፊደላቱ ራሳቸው ሊለወጡ ይችላሉ፤ ይህን ደግሞ «ሪላክስድ»ም አያድነውም።

ፋይሉን በምን ሁኔታ እንደሚከፍቱትም ይመልከቱ። ፊርማው የሚሰላው እያንዳንዱ መስመር በሁለቱ ባይቶች፣ በካሬጅ ሪተርንና በላይን ፊድ፣ እንደሚያልቅ ተቆጥሮ ነው። ፓይተን ፋይልን በጽሑፍ ሁኔታ ሲከፍት ሁለቱን ወደ አንድ ይቀይራቸዋል፤ ጽሑፉንም በአንድ የፊደል አወጣጥ ይተረጉመዋል። ስለዚህ በባይት ሁኔታ ይክፈቱት፤ የመጣውንም ባይት ሳይነኩ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ያኑሩት። ለማረጋገጫው የሚሰጡት ይህንን ይሁን፤ «ኢሜይል» ሞጁል የተነተነውን ደግሞ ላኪውንና ርእሱን ለማንበብ ብቻ ይጠቀሙበት። ይህንን ልዩነት ከመጀመሪያው የጠበቀ ፕሮግራም ከብዙ መላ ምት ይድናል።

ስለ ሁለቱ ፊርማዎች፦ ራስጌን በስሙ በቅንፍ ሲጠሩ የሚመለስልዎ አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሚሰጥዎ «ጌት_ኦል» ነው። ዲኪምፓይም ተራ ቁጥር ካልነገሩት የመጀመሪያውን ፊርማ ብቻ ያረጋግጣል። አንድ መልእክት የላኪው ዶሜይንና መልእክቱን ያስተላለፈው አገልግሎት ለየብቻ የፈረሙበት ሊሆን ይችላልና፣ አንዱ ስለወደቀ ብቻ መልእክቱን አይጣሉት፤ ቁጥሩን ከዜሮ ጀምሮ እየጨመሩ ሁሉንም ያረጋግጡ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ በ«ኤች» ዝርዝር ውስጥ አንድ የራስጌ ስም ሁለት ጊዜ ከተጠቀሰ የሚወሰደው ከታች ወደ ላይ ነው፤ በመልእክቱ ውስጥ የሌለ ራስጌ ከተጠቀሰ ደግሞ እንደ ባዶ ይቆጠራል። ላኪዎች «ከ» የሚለውን የላኪ ራስጌ በዝርዝሩ ሁለት ጊዜ የሚጽፉት በስህተት አይደለም፤ በመንገድ ላይ ሌላ ሁለተኛ የላኪ ራስጌ የሚጨምር ሰው ፊርማውን እንዲያፈርስ ነው። ስለዚህ የተደገሙ ስሞችን «የሚያጸዳ» ኮድ ካለዎት ያውጡት።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤስን ራሴ በፓይተን እየጠየቅሁ ቁልፉን ሳመጣ፣ 1024 ቢት የሆኑት ይሠራሉ፤ 2048 ቢት የሆኑት ግን ጥቅስ ምልክትና ክፍት ቦታ መካከላቸው ገብቶ ይመጣሉ።

መልስ፦ ቁልፉ በዲኤንኤስ በሚቀመጥበት በአንድ የቲኤክስቲ (የጽሑፍ) መዝገብ ውስጥ አንድ የፊደል ሰንሰለት ከ255 ባይት ሊበልጥ አይችልም፤ የ2048 ቢት ይፋዊ ቁልፍ ደግሞ በቤዝ64 ወደ 392 ፊደል ስለሚደርስ በሁለት ሰንሰለት ተከፍሎ ይቀመጣል። ያዩት ጥቅስና ክፍት ቦታ የመዝገቡ አካል አይደለም፤ ውጤቱን ለሰው ዓይን ወደ ጽሑፍ ሲቀይሩት የተጨመረ ነው። ወደ ጽሑፍ የተቀየረውን ትተው የሰንሰለቶቹን ዝርዝር ይውሰዱ፤ በመካከላቸው ምንም ሳያስገቡ ያያይዟቸው፤ ከዚያ መለያዎቹን ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ እንደገለጽነው ይክፈሉ። ይህን ችግር ለማምለጥ ወደ 1024 ቢት መመለስ ግን አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8301 ፈራሚዎች ቢያንስ 2048 ቢት የሆነ የአርኤስኤ ቁልፍ እንዲጠቀሙ ይመክራል፤ በኤስኤችኤ-1 የተፈረመውንም ጨርሶ እንዳይቀበሉ አረጋጋጮችን ያዛል።