አራተኛው ካሜራ ሲገባ ሁሉም የሚቆራረጠው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ይሄን ነው፦ በአንድ ሊኑክስ ማሽን ላይ ሦስት ካሜራ በቀጥታ ስታስተላልፍ ሰላም ነው፤ አራተኛው ሲገባ ድምፁም ቪዲዮውም ይቆራረጣል። የሁሉንም ፕሪዮሪቲ (ቅድሚያ) ከፍ ላድርገው ወይ?

አታድርገው። ሁሉም አንደኛ ከተባለ አንደኛ የለም።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥራ። በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ማለት ለእያንዳንዱ 33 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ፍሬም ኢንኮድ ማድረግ፣ ማለትም ለማስተላለፍ መጭመቅ፣ በአንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል) 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል እንበል። ሦስት ካሜራ 30፣ አራት ካሜራ 40። አለቀ፣ አለፍክ። የትኛውም ስኬጁለር (ለየትኛው ሥራ መቼ ተራ እንደሚሰጥ የሚወስነው የሲስተሙ ክፍል) ይህን አያድንልህም። ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እንዳሳዩት፣ የማብቂያ ሰዓቱ የቀረበውን ሥራ ማስቀደም አንድን ፕሮሰሰር እስከ 100 በመቶ ያሠራል። ከዚያ ካለፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰዓቱ ያለፈበት ሥራ ራሱ ቅድሚያ ይይዝና ቀጣዩን ያስረፍዳል፣ እሱም ሌላውን። አንድ ካሜራ ጨምረህ አራቱም የሚታመሙት እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ሲጨናነቅ ማን እንደሚቀር አስቀድመህ አንተ ወስን። እኔ ላይቭ ስሠራ ድምፅን አልነካም። 48 ኪሎኸርዝ ላይ የ256 ናሙና በፈር (ድምፁ ተራ የሚጠብቅበት ማቆያ) 5.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ሥራው ትንሽ ነው፣ ከፍ ያለ ፕሪዮሪቲ ለእሱ ብቻ ስጠው። የጎደለ ፍሬም ብዙ ሰው ላያይ ይችላል፤ የተቆረጠ ድምፅ ግን ወዲያው ያስቆጣል።

ከዚያ አየር ላይ ያለውን ካሜራ በ30 ተወው፣ ሌሎቹን ሦስቱን ወደ 15 አውርድ። አንዱ 30 በመቶ፣ ሦስቱ 15 በመቶ እያንዳንዳቸው፤ ድምሩ 75 ገደማ ይመጣል። ትተነፍሳለህ።

ኢንኮድ ለመደረግ የሚጠብቁትን ፍሬሞች ወረፋ ደግሞ አሳጥረው። አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ይበቃል፤ አዲስ ሲመጣ አሮጌው ይጣል። ብዙዎች ወረፋ በማርዘም ይገላገሉ ይመስላቸዋል፤ የሚያተርፉት መዘግየት ነው። ግን ልብ በል፣ የምትጥለው ኢንኮድ ከመደረጉ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ከጣልክ፣ ተከታዮቹ ፍሬሞች በእሱ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ምስሉ ይበላሻል።

ሊኑክስ ከ3.14 (2014) ጀምሮ ስኬድ ዴድላይን (SCHED_DEADLINE) የሚባል፣ የማብቂያ ሰዓቱ የቀረበውን የሚያስቀድም የስኬጁለር ስልት አለው። በየስንት ጊዜው ስንት ሚሊሰከንድ እንደምትፈልግ ትነግረዋለህ፤ ከአቅም በላይ ከሆነ አዲሱን ሥራ አይቀበልም። አንዱ ከበጀቱ ካለፈም ጎረቤቱን አይበላም። ለአንተ የሚሆነው ይሄ ነው።

ጥራት ስታወርድ ፈጠን በል፣ ስትመልስ ቀስ በል፤ አለዚያ ላይ ታች ሲል ያመሻል። ፍሬሙን ስትለካም አማካዩን አትመን። ብዙ እንቅስቃሴ ያለበትን ትዕይንት ይዘህ ለካ፣ ቁጥሩን እዚሁ ላክልኝ።